ሉዊዝ ፋራንክ፤ ሲምፎኒ የደረሰችው መምህርትና የደመወዟ ጉዳይ



ማመልከቻ ጽፎ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ በመካከላችሁ ይገኛል ብዬ አላስብም። በተለይም ደመወዝ እንዲጨመርለት ለመጠየቅ ብዕር ያነሣ ሰው፣ ችግሩ ከምን ላይ እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቃሉ ሲበዛ ልመና ይሆናል፤ ሲያጥር ትዕቢት ይመስላል። ራስን ማመስገን ያሳፍራል፤ ራስን ማሳነስም ጉዳዩን ያበላሻል። በ1850 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ አንዲት የ46 ዓመት መምህርት ለትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ይህን የመሰለ ማመልከቻ ጽፋ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጠየቀችውም፣ ከእርሷ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ለሚሠሩት ወንዶች መምህራን የሚከፈለው ደመወዝ ለእርሷም እንዲከፈላት ነው። ይህች መምህርት ሉዊዝ ፋራንክ ትባላለች። ሦስት ሲምፎኒዎችን የደረሰች፣ በዘመኗ የነበሩ ታላላቅ የሙዚቃ ሰዎች የመሰከሩላት፣ ከሞተች በኋላ ግን ስሟ ከመቶ ዓመት በላይ ከታሪክ መጻሕፍት ሊጠፋ የተቃረበ ሴት ናት። ወደ ማመልከቻው እመለሳለሁ፤ አስቀድሞ ግን ጸሐፊዋን ማወቅ ይገባናል።

ሉዊዝ በ1804 ዓ.ም. በሜይ ወር በፓሪስ ተወለደች። የአባቷ የዱሞን ቤተ ሰብ ከትውልድ እስከ ትውልድ ሐውልት በመቅረጽ የታወቀ ነበር። አባቷ ዣክ ኤድም ዱሞን ቀራጺ ነበር፤ በፓሪስ በባስቲዩ አደባባይ ከረዥሙ ዓምድ ጫፍ ላይ የቆመውን፣ በወርቅ የተለበጠውን ክንፋም የነጻነት ምስል የሠራውም ወንድሟ ኦጉስት ዱሞን ነው። በዚያ አደባባይ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ የወንድሟን ሥራ ቀና ብሎ ሳያይ አይቀርም፤ የእኅቲቱን ስም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቤተ ሰቡ ይኖር የነበረው በሶርቦን፣ ለሠዓሊዎችና ለቀራጺዎች መኖሪያ በተሰጠው ስፍራ ነበር። ስለዚህ ልጅቱ ያደገችው የመዶሻና የመሮ ድምፅ በሚሰማበት፣ ጥበብን እንደ ዕለት እንጀራ በሚቈጥሩ ሰዎች መካከል ነው። ፒያኖ በልጅነቷ ጀመረች፤ ለዚህም ማንም አልከለከላትም። በዚያን ዘመን ፒያኖ መምታት ለአንዲት የከተማ ልጃገረድ እንደ ጥልፍ ሥራ ያለ የጨዋነት ምልክት ሆኖ ይታይ ነበርና።

ችግሩ የሚጀምረው ድርሰት ሲመጣ ነው። የሌላውን ሰው ዜማ መምታትና የራስን ድርሰት መድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእኛ አገር የቅኔ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የሌላውን ቅኔ በቃሉ አጥንቶ በጥሩ ድምፅ የሚያሰማ ሁሉ ባለቅኔ አይባልም፤ ባለቅኔ ለመባል በጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ በየደረጃው መቀኘት፣ ስሕተቱንም በመምህሩ ፊት መታረም አለበት። የአውሮፓ ሙዚቃ ድርሰትም እንደዚሁ ጥብቅ ሕግ ያለው ትምህርት ነው። አንዱ ዜማ ከሌላው ጋር ሳይጋጭ አብሮ የሚሄድበትን፣ እያንዳንዱ መሣሪያ በየትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያምር፣ በየትኛውም ላይ እንደሚደክም ማወቅን ይጠይቃል። በ1795 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ኮንሰርቫቷር የተባለው የፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይህን ጥበብ የሚያስተምርበት ክፍል በዚያን ጊዜ ለሴቶች አይከፈትም ነበር።

ወላጆቿ ግን በር ሲዘጋ ዝም ብለው የሚመለሱ ሰዎች አልነበሩም። ልጃቸው 15 ዓመት ሲሆናት በኮንሰርቫቷሩ የድርሰት መምህር ከሆነው ከአንቶን ራይኻ ዘንድ በግል እንድትማር አደረጉ። ራይኻ በፕራግ ከተማ የተወለደ፣ በወጣትነቱ በቦን ከተማ ከቤትሆቨን ጋር በአንድ ኦርኬስትራ የተጫወተ ሰው ነው፤ በርሊዮዝና ሊስትም ከእርሱ ተምረዋል። እንግዲህ ሉዊዝ ከክፍሉ በር ውጭ ብትቀርም፣ ያገኘችው ትምህርት በውስጥ ከነበሩት ወንዶች ትምህርት የሚያንስ አልነበረም። ያነሳት ነገር ከክፍሉ የሚገኘው የምስክር ወረቀትና ከእርሱ ጋር የሚገኘው መንገድ ነው። ይህ ልዩነት በኋላ ዕድሜዋ ሁሉ ሲከተላት እናያለን።

በ1821 ዓ.ም. ገና በ17 ዓመቷ፣ ፍሉት የተባለውን የፈረንጅ ዋሽንት የሚጫወተውን አሪስቲድ ፋራንክን አገባች። ባሏ በዕድሜ 10 ዓመት ይበልጣታል። ከጋብቻው በኋላ ትምህርቷ ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥም ተመልሳ ቀጠለች። አሪስቲድ ከመጫወት ይልቅ ወደ ሙዚቃ ኅትመት አዘነበለና በፓሪስ የታወቀ የኖታ አሳታሚ ሆነ፤ የሚስቱንም የፒያኖ ድርሰቶች አሳተመ። ስለዚህ ባል አንድ ነገር መናገር እወዳለሁ። የሚስቱን ተሰጥዎ የደበቁ፣ አልፎም በስማቸው ያወጡ ባሎች በታሪክ ይገኛሉ፤ አሪስቲድ ግን ሚስቱ ሥራዎቿን ለማሰማት ስታመነታ ይገፋፋት እንደ ነበር ይነገርለታል። ራሱም በዚያው ሙያ ሳለ የሚስቱ ብልጫ ሳያስቀናው መኖሩ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

የታተሙት ድርሰቶች ከፈረንሳይ ድንበር ወጥተው ጀርመን አገር ደረሱ። በ1836 ዓ.ም. ሮበርት ሹማን በሚያዘጋጀው የሙዚቃ ጋዜጣ ላይ በአንድ የሩስያ ዜማ መነሻነት ስለ ደረሰችው የፒያኖ ሥራ አስተያየት ጻፈ። የኖታው ሽፋን «ኤል. ፋራንክ» ብቻ ይላል። ሹማንም በመጀመሪያ ደራሲውን እንደ አንድ ወጣት ወንድ ቈጥሮ ችሎታውንና በሚገባ የተማረ መሆኑን አመሰገነ፤ ቀጥሎም ደራሲዋ ሴት፣ የፓሪሱ አሳታሚ ሚስት መሆኗን እንደ ተረዳ ገለጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በርሊዮዝ ለኦርኬስትራ የጻፈችውን አንድ የመክፈቻ ድርሰት ሰምቶ፣ አጻጻፉ መልካም መሆኑን፣ የመሣሪያዎቹም አደላደል በሴቶች ዘንድ እምብዛም የማይገኝ ችሎታ የታየበት መሆኑን መሰከረ። ይህ ምስጋና ከነእሾሁ የተሰጠ አበባ መሆኑን አንባቢ አያጣውም። አጻጻፉ ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው፤ «በሴቶች ዘንድ» የሚለው ቃል እዚያ ምን ሊሠራ ገባ? በርሊዮዝ ግን ክፋት አስቦ የተናገረ አይመስለኝም፤ ዘመኑ ሁሉ የሚናገረው እንደዚያው ነበር።

በ1842 ዓ.ም. ኦቤር የተባለው የታወቀ የኦፔራ ደራሲ የኮንሰርቫቷሩ ዳይሬክተር ሆነ። በዚያው ዓመት ሉዊዝ ፋራንክ የፒያኖ መምህርት ሆና ተሾመች። የድርሰት ክፍሉ በር የተዘጋባት ሴት በዚያው ትምህርት ቤት በመምህርነት ማዕርግ ገባች ማለት ነው። ሹመቱ ታላቅ ነበር፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወንበር ያገኙ ሴቶች በጣት የሚቈጠሩ ናቸውና። ሆኖም ወሰን ነበረበት። የተሰጣት የሴቶች ተማሪዎች የፒያኖ ክፍል ነው፤ ከራይኻ ዘንድ የተማረችውን የድርሰት ጥበብ እንድታስተምር አልተሾመችም። ደመወዟም በዚያው ሥራ ላይ ካሉት ወንዶች ያነሰ ሆኖ ተወሰነ። እርሷ ግን ሥራዋን በትጋት ያዘች። ተማሪዎቿ በኮንሰርቫቷሩ ውድድር አንደኛ ሽልማት በተደጋጋሚ ወሰዱ። በሁሉም የድምፅ መደቦች የጻፈቻቸው 30 የፒያኖ መለማመጃዎችም በ1845 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ የፒያኖ ክፍሎች እንዲያገለግሉ ተወሰኑ። እንግዲህ ደመወዟ ከባልደረቦቿ ያነሰው መምህርት የጻፈችው መጽሐፍ በባልደረቦቿም ክፍል ይሠራበት ጀመር።

እነዚህ ዓመታት የድርሰቷም ፍሬ የበሰለባቸው ናቸው። ከ1841 እስከ 1847 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሦስቱን ሲምፎኒዎች ጻፈች። ሲምፎኒ ማለት ለሙሉ ኦርኬስትራ የሚደረስ፣ ዘወትር አራት ክፍል ያለው ረዥም ድርሰት ሲሆን፣ ቃልና ዘፋኝ ሳይኖርበት ሐሳቡን በመሣሪያ ብቻ ይገልጣል። የፓሪስ ሕዝብ ግን በዚያን ጊዜ ልቡ ያለው ከኦፔራ ላይ ነበር። ብርሃኑ፣ ልብሱ፣ ዘፋኞቹ፣ ጭፈራው፣ በየሳሎኑ የሚወራው ሁሉ ኦፔራ ነው። ገንዘብና ዝና የሚፈልግ የፈረንሳይ ደራሲ ወደ ቲያትር ቤት ይሄዳል እንጂ ሲምፎኒ ሲጽፍ አይገኝም። ፋራንክ አንድም ኦፔራ አልጻፈችም። የመረጠችው መንገድ በወንድም ቢሆን ትርፍ የማያስገኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሲምፎኒዋ በ1845 ዓ.ም. የተሰማው ከአገሯ ውጭ፣ በብራስልስ ከተማ ነው። ሦስተኛውን በ1849 ዓ.ም. የተጫወተው ግን በፓሪስ ከሁሉ የሚከበረው፣ የቤትሆቨንን ሲምፎኒዎች ለፈረንሳዮች በማስለመድ ዝና ያተረፈው የኮንሰርቫቷር ኦርኬስትራ ነው። በዚያ መድረክ ላይ በሕይወት ያለ ደራሲ ሥራ እንዲሰማ ማድረግ ለወንዶቹም ቢሆን ከባድ ነበር። ሦስተኛውን ሲምፎኒ ያዳመጥሁት ደጋግሜ ነው። አጀማመሩ ጭር ያለ ነው፤ የኦቦ ድምፅ ብቻውን ይነሣል፤ ሌሎቹ የእስትንፋስ መሣሪያዎች ቀስ እያሉ ይከተሉታል፤ ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ ተነሥቶ መሮጥ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ቤትሆቨንን ትተካከላለች ብዬ ልከራከር አልመጣሁም፤ እንዲህ ያለውን ክርክር የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ለእነርሱ እተወዋለሁ። ነገር ግን ይህ ሥራ ከልማድ የተጻፈ፣ የመምህር ሰው የክፍል ሥራ አይደለም። የሚናገረው ያለው ሰው ድርሰት ነው።

ዝናዋ ከፍ ያለው ግን በሲምፎኒ ሳይሆን ከዚያ ባነሰ ሥራ ነው። በ1849 ዓ.ም. ለዘጠኝ መሣሪያዎች የሚሆን፣ ኖኔት የሚባል ድርሰት ጻፈች። አምስቱ የእስትንፋስ መሣሪያዎች ናቸው፤ ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላሪኔት፣ ባሱንና ሆርን። አራቱ ደግሞ የአውታር መሣሪያዎች ናቸው፤ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ኮንትራባስ። ይህን ድርሰት እንደ አንድ ሥነ ሥርዓት ያለው ሸንጎ አድርጋችሁ አስቡት። ዘጠኝ ሰዎች ተሰብስበዋል፤ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ያዳምጣሉ፤ ተራው የደረሰው ያለፈውን ቃል ተቀብሎ ትንሽ ለውጦ ይመልሰዋል፤ ማንም ማንንም አይጮኽበትም። በሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ የአውታር ተጫዋቾቹ ደጋናቸውን ትተው አውታሩን በጣታቸው እየመቱ ሲነሡ፣ ሰው በእግሩ ጣት እየረገጠ ቤት የሚገባ ይመስላል። ይህ ድርሰት በ1850 ዓ.ም. በፓሪስ በሕዝብ ፊት ተሰማ፤ ከተጫዋቾቹም አንዱ ገና 20 ዓመት ያልሞላው፣ በኋላ በአውሮፓ ሁሉ የነገሠው የቫዮሊን ሊቅ ዮሴፍ ዮአኪም ነበር። አዳራሹ በደስታ ተቀበለው።

እነሆ አሁን ወደ ማመልከቻው ደረስን። ፋራንክ በአነስተኛው ደመወዝ ስምንት ዓመት አገልግላለች። በዚያው በ1850 ዓ.ም. በኖኔቱ የተነሣ ስሟ በየሰው አፍ ሳለ ለዳይሬክተሩ ለኦቤር ጻፈች። ጊዜውን አውቃ መርጣለች ብንል አናማትም፤ ማመልከቻም እንደ ዘር ወቅት አለው። የደብዳቤዋ አነጋገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ቤተ ሰቤ ተቸግሯል አላለችም። በድርሰቴ ተመስግኛለሁም አላለችም። ያቀረበችው ምክንያት፣ በራሴ አነጋገር ባጭሩ ስገልጠው፣ ይህን የመሰለ ነው፤ ደመወዜ ከወንዶቹ ባልደረቦቼ ጋር እኩል ይሁንልኝ፤ የገንዘቡ ጥቅም እንኳ ቢቀር፣ ለእነርሱ የሚሰጠው ማበረታቻ ለእኔ ካልተሰጠኝ፣ የተጣለብኝን አደራ በሚገባው ትጋት ያልፈጸምሁ ሆኖ ሊገመትብኝ ይችላል።

በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው የዚህን ቃል ክብደት ያውቃል። በሠራተኛው የግል ማኅደር ውስጥ የሚጻፈው የደመወዝ ልክ ለገበያ ብቻ የሚሆን ቁጥር አይደለም። ከዓመታት በኋላ ሠራተኛውን ያላየ፣ ሥራውን ያልቀመሰ አንድ ሹም ማኅደሩን ሲከፍት «ይህ ሰው ለምን ከጓደኞቹ አነሰ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ከራሱ ይሞላዋል፤ ዘወትርም የሚሞላው በሠራተኛው ላይ ነው። ፋራንክ ያየችው ይህን ነው። ሥራዋ አንሶ ደመወዟ እንዳላነሰ ታውቃለች፤ የደመወዟ ማነስ ግን ውሎ አድሮ ሥራዋ ያነሰ እንዲመስል እንደሚያደርግ ተረዳች። ለዳይሬክተሩም ያቀረበችው ምርጫ ግልጽ ነው፤ ወይ በሥራዬ ጉድለት አሳየኝ፣ ወይ ደመወዜን አስተካክል። ኦቤር ጉድለት ማሳየት አልቻለም፤ ጥያቄዋን ተቀበለ። ይህ የሆነው የሴቶች የደመወዝ እኩልነት የሕግ አንቀጽ ከመሆኑ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ማኅበር ሳያግዛት፣ ጠበቃ ሳይቆምላት፣ በአንድ ደብዳቤ ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ የደስታ ጉዞ ሆኖ ቢቀጥል ደስ ባለኝ ነበር። ሉዊዝና አሪስቲድ ቪክቶሪን የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። በ1826 ዓ.ም. የተወለደችው ቪክቶሪን ከእናቷ ክፍል ተምራ በ1844 ዓ.ም. የኮንሰርቫቷሩን የፒያኖ አንደኛ ሽልማት ያገኘች፣ እናቷም የጻፈችውን ሁሉ በሚገባ ታሰማለች ተብላ ተስፋ የተጣለባት ልጅ ነበረች። ነገር ግን ሕመም አሸነፋትና ከመድረክ ራቀች፤ ብዙ ዓመት ከማቀቀች በኋላ በ1859 ዓ.ም. በ32 ዓመቷ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ከእናቲቱ ብዕር አዲስ ታላቅ ድርሰት አልወጣም ማለት ይቻላል።

ድርሰቱን ብትተውም ሥራ አልተወችም። ባልና ሚስቱ ኀዘናቸውን ይዘው አንድ ከባድ ተግባር ላይ ተቀመጡ። ከ1861 ዓ.ም. ጀምሮ «የፒያኖ ተጫዋቾች ግምጃ ቤት» ብለው የሰየሙትን፣ ካለፉት ሦስት መቶ ዓመታት የተለቀመ የክላቪየርና የፒያኖ ድርሰት ስብስብ በየቅጹ ማሳተም ጀመሩ። አሪስቲድ በ1865 ዓ.ም. ሲሞት ሥራው ገና አላለቀም ነበር፤ ሉዊዝ ብቻዋን ቀጠለች፤ ከ20 የማያንስ ቅጽም ሆኖ ተፈጸመ። በዚያ ዘመን ሰው የሚጫወተው የዘመኑን ሙዚቃ ነበርና የኩፐራንና የስካርላቲ ሥራዎች ለብዙው ሰው በአቧራ የተሸፈኑ ነበሩ። የቀድሞዎቹ ደራሲዎች ዜማውን ለማስጌጥ የሚያኖሯቸውን ጥቃቅን ምልክቶች የሚያነብብ ሰው አልቀረም ማለት ይቻላል። ለዜማችን ድጓ ምልክት የሚያነብብ ሊቅ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን አስቡ! ፋራንክ ምልክቶቹን አጥንታ አስረዳች፤ ተማሪዎቿንም ይዛ እነዚህን አሮጌ ሥራዎች በሕዝብ ፊት አሰማች። ሌሎች የረሷቸውን ደራሲዎች ከመረሳት ያወጣችው ይህች ሴት፣ ራሷ የጻፈቻቸውን ሲምፎኒዎች ግን በእጅ ጽሑፍ እንዳሉ ትታቸው አለፈች።

የፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ለአነስተኛ የሙዚቃ ጓዶች በደረሰቻቸው ሥራዎች ሻርትዬ የተባለውን ሽልማት በ1861 እና በ1869 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ሰጣት። ከኮንሰርቫቷሩም 30 ዓመት ያህል ካገለገለች በኋላ ጡረታ ወጣች። በ1875 ዓ.ም. በ71 ዓመቷ በፓሪስ ዐረፈች፤ በሞንፓርናስ መካነ መቃብርም ተቀበረች።

የተረሳችበት ምክንያት ምንድን ነው? ሴት ስለ ሆነች ብቻ ነው ብሎ መመለስ ይቀላል፤ እኔ ግን ይህ መልስ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ሲምፎኒዋ ሲሰማ ኦርኬስትራውን የመራው የብራስልሱ ሊቅ ፌቲስ በሙዚቀኞች የሕይወት ታሪክ መዝገቡ ውስጥ ጉዳዩን በሚገባ ተመልክቶታል። ለኦርኬስትራ የሚጻፍ ሙዚቃ እንዲሰማ ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ሕዝቡም ሥራውን የሚመዝነው በደራሲው ስም ነው፤ ስሙ ካልታወቀ ሥራው አይሰማም፤ ሥራው ካልተሰማ ስሙ አይታወቅም፤ አሳታሚም በእንዲህ ያለው ላይ ገንዘቡን አያወጣም። ይህ ክበብ ብዙ ወንዶችንም ውጧል። ወንዱ ግን ክበቡን የሚሰብርበት መንገድ ነበረው፤ የትምህርት ቤት ጓደኞች፣ የመንግሥት የድርሰት ሽልማት፣ የኦርኬስትራ መሪነት፣ የቲያትር ቤት ሹመት። የድርሰት ክፍል በር በ15 ዓመቷ የተዘጋባት ሴት እነዚህን ሁሉ አብራ አጣች። ልጇም፣ ባሏም ቀድመዋት ስለ ሞቱ ወረቀቶቿን ይዞ በየአሳታሚው ደጅ የሚቆም ወራሽ አልቀረላትም።

ወረቀቶቹ ግን አልጠፉም፤ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ቆይተዋል። በ1980 ዓ.ም. ቢያ ፍሪድላንድ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር የሕይወት ታሪኳን በመጽሐፍ አወጣች። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በጀርመን አገር ሥራዎቿ በጥንቃቄ ተመርምረው ይታተሙ ጀመር፤ ሲምፎኒዎቹም ከተጻፉ 150 ዓመት ያህል በኋላ በማተሚያ ቤት ፊደል ታዩ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ኢንሱላ የተባለው የፈረንሳይ ኦርኬስትራ አንደኛውንና ሦስተኛውን ሲምፎኒ በድምፅ ቀርጾ አወጣ፤ ኦርኬስትራውን የመራችውም ሎራንስ ኤኪልቤ የተባለች ሴት ናት።

ይህ ንግግር በሬዲዮ በተሰማ ጊዜ ከኖኔቱ ሦስተኛው ክፍል ተከትሎት ተሰምቶ ነበር። በጋዜጣ ላይ ድምፅ ማተም ስለማይቻል፣ ያመለጣችሁ ሰዎች ሸክላውን ከሙዚቃ ወዳጆቻችሁ ፈልጉ፤ ስታገኙትም አጀማመሩን ልብ በሉ፤ አውታሮቹን በጣት የሚመቱት አራት ሰዎች ቀድመው ይገባሉ፤ የቀሩት አምስቱ ትንሽ ቆይተው ይደርሱባቸዋል።